የነጥብ ማንዳላ ሲስሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የነጥብ ማንዳላ ከመሃል እየሰፉ በሚሄዱ ዙሮች በተደረደሩ የቀለም ነጥቦች የሚሠራ ክብ ሥዕል ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ጭንቅላቱን ለማሳረፍ ነው። ሥራው ለዚህ ይመቻል። እጅ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ይደጋግማል፣ ዓይን ከመሃል ተነስቶ ዙሩን ይከተላል፣ ሐሳብም ቀስ በቀስ ይሰክናል። ሆኖም ገና የመጀመሪያው ሥራ ላይ ተበሳጭተው የሚተዉት ጥቂት አይደሉም። በእኔ እምነት ችግሩ የእጅ ጥበብ ማነስ አይደለም። ከመጀመሪያው ነጥብ በፊት ማለቅ የነበረበት ዝግጅት ሳያልቅ መጀመሩ ነው።

መስመር ሳያሰምሩ መጀመር

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። «ለመዝናናት ስለሆነ በዓይኔ እገምተዋለሁ» ይባላል። መሃሉ አካባቢ ትንሽ መዛነፍ ምንም አይመስልም። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ ጎን ተጨናንቆ ሌላው ክፍት ሆኖ ያገኙታል። ያኔ ማስተካከል ከባድ ነው።

መሃሉን ይለዩ። በኮምፓስ እየሰፉ የሚሄዱ ክቦች ያስምሩ። ከዚያ በፕሮትራክተር እኩል ይከፋፍሏቸው፤ ለ8 ክፍል በየ45 ዲግሪው፣ ለ12 በየ30፣ ለ16 ደግሞ በየ22.5 ዲግሪው ነው። ለጀማሪ 8 ይሻላል፤ በኋላ ነጥቦቹን ማብዛት ቢፈልጉ እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት መክፈል ብቻ ነው። መደቡ ጥቁር ከሆነ በነጭ የጠመኔ እርሳስ ያስምሩ። ሥራው ደርቆ ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

መስመር ነፃነት የሚያሳጣ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ተቃራኒው ነው እላለሁ። ናንሲ ከሪ እና ቲም ካሰር በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንዳላ ወይም ሌላ ወጥ ንድፍ በቀለም የሞሉ ሰዎች ጭንቀታቸው ባዶ ወረቀት ላይ እንደፈለጉ ከቀቡት ይበልጥ ቀንሷል። ጥናቱ ስለ ነጥብ ሥራ አልነበረም። ቢሆንም «ቀጥሎ የት ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ሲመለስ አእምሮ የሚያርፈው እዚህም ይመስለኛል።

ቀለሙን ከቱቦው እንደወጣ መጠቀም

አክሪሊክ ቀለም ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፣ ውፍረቱ ግን መስተካከል አለበት። ከወፈረ የነጥብ ማድረጊያ መሣሪያውን (ጫፉ ክብ የሆነ ዘንግ) ሲያነሱ ነጥቡ ላይ ሹል ጫፍ ይቀራል። ከቀጠነ ነጥቡ ተዘርግቶ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቁራጭ ካርቶን ላይ አንድ ነጥብ ያድርጉ። ጫፉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሟሙቶ ነጥቡ ክብ ጉብታ ሆኖ ከቀረ ልክ ነው።

ለማቅጠን ውሃ በጠብታ ይጨምሩ። ውሃ ሲበዛ ቀለሙ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ስለዚህ ከተገኘ ፖሪንግ ሚዲየም የሚባለው ማቅጠኛ ይመረጣል። ቀለም በብዛት አይቅዱ፤ ክፍት ከቆየ ላዩ ይገግርና ነጥቦቹን ያበላሻል።

መሣሪያውን አጋድሞ መያዝ

እንደ እስክሪብቶ ከያዙት ነጥቡ ጭራ ያወጣል ወይም ሞላላ ይሆናል። ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ ቀለሙ ብቻ ይንካ፣ ቀጥ አድርገው ያንሱ። መጫን አያስፈልግም። የነጥቡን መጠን የሚወስኑት የመሣሪያው ጫፍ ስፋትና የቀለሙ ብዛት ናቸው። ልዩ መሣሪያ ከሌለም የሚስማር ራስ፣ የእርሳስ ላጲስና ስቴኪኒ በደንብ ይሠራሉ።

አነካከሩን አለመለየት

እኩል ነጥቦች ከፈለጉ ለእያንዳንዱ ነጥብ መሣሪያውን እንደገና ይንከሩ፣ ጥልቀቱም አይለያይ። እያነሱ የሚሄዱ ነጥቦች ከፈለጉ ደግሞ አንዴ ነክረው ቀለሙ እስኪያልቅ ይቀጥሉ። በትልቅ ነጥብ ዙሪያ የሚታዩት እያነሱ የሚወርዱ ነጥቦች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ከአናቱ ይጀምሩና በአንዱ ጎን ይውረዱ፤ ለሌላው ጎን እንደገና ነክረው ከአናቱ ይነሱ። እዚህ ላይ ሐሳብዎ ሙሉ በሙሉ እጅዎ ላይ ይሆናል። እኔ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ሳይደርቅ መደራረብ

ነጥብ ከላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ትንንሾቹ ቶሎ ይደርሳሉ፤ ትልልቆቹ ሰዓታት ይፈልጋሉ። በፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ማጣደፍ ነጥቡን ሊሰነጥቀው ወይም መሃሉን ሊያሰረጉደው ይችላል። ይልቅ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይያዙ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ይሥሩ። እጅዎም እርጥቡን እንዳይነካ ሥራውን ራሱን ያዙሩት።

የተበላሸን ነጥብ በጣት መጥረግ

ጣት ያሰፋዋል። እርጥብ ከሆነና ዙሪያው ባዶ ከሆነ በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ያንሱት። ጎረቤቶቹም እርጥብ ከሆኑ አይንኩት። ይድረቅ፣ ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ ፈልቅቀው ቦታውን በመደቡ ቀለም ይሸፍኑት።

ሌላው ስህተት ሰፊ ሸራ መርጦ መጀመር ነው፤ ያሰለቻል፤ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ትንሽ ነገር ይበቃል። ቀለምም ሦስት ወይም አራት ይሁን።

ለቫርኒሽ መቸኮል

ውስጡ ያልደረቀ ነጥብ ላይ ቫርኒሽ ከተቀባ እርጥበቱ ይታፈናል፣ ላዩም ሊደበዝዝ ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ትልልቅ ነጥቦች ካሉ ደግሞ ጥቂት ቀናት ይጠብቁ። የጠመኔውን መስመር አስቀድመው ይጥረጉ፤ ከቫርኒሽ ሥር ከቀረ አይለቅም። የሚረጨውን ዓይነት ከተጠቀሙ አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ በስሱ ይርጩ፣ ሲደርቅም ይድገሙት።