ጂፒዎች በአለርጂ ምዘና ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

በብሪታንያ የአለርጂ ስፔሻሊስት ጥቂት እንደሆነ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት በግልጽ አስቀምጦታል። ክፍተቱን ከሚሸፍኑት መካከል ተጨማሪ ሥልጠና ወስደውና ተመዝነው የአለርጂ ክሊኒክ የሚይዙ የቤተሰብ ሐኪሞች፣ ማለትም ጂፒዎች አሉ። እኔ ከመዛኞቹ አንዷ ነኝ። ለምዘና የምትዘጋጁ የአገሬ ልጆች ስለምትጠይቁኝ ደጋግሜ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ፔን ሳይነኩ ፔን ማዘዝ

አንድ ተመዛኝ ስለ አናፊላክሲስ፣ ማለትም ሕይወት ስለሚያሰጋው ድንገተኛ ከባድ አለርጂ፣ የጠየቅኩትን ሁሉ መለሰ። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን፣ በጭን ጡንቻ ላይ፣ ከውጭ በኩል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። አንድም አልሳተ። ከዚያ የመለማመጃ ኤፒፔን፣ ማለትም በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ አድሬናሊን የሚወጋበትን ፔን መሰል መርፌ፣ ሰጠሁትና «የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ፤ እንዴት እንደምወጋው ያሳዩኝ» አልኩት። ብርቱካናማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ያዘው። መርፌው የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ እሱ ጣት ውስጥ ይቀር ነበር።

ይህን በተለያዩ ሐኪሞች እጅ ስንት ጊዜ እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያናድደኛል። ሐኪሙ ካላወቀው እናትየው ከማን ትማር? ጄክስት የሚባለው ፔን ደግሞ ሌላ ነው፤ ቆቡ ቢጫ፣ መርፌ የሚወጣበት ጫፍ ጥቁር። መለማመጃዎቹን ቤታችሁ ውሰዱና እጃችሁ እስኪለምድ ደጋግሙ። ለእናትየው ካሳያችሁ በኋላ እሷ መልሳ ታሳያችሁ። ሁለት ፔን ሁልጊዜ ከልጁ ጋር እንዲሆን፣ አንዱ ቤት አንዱ ትምህርት ቤት እንዳይቀር ንገሯት። ራሱን ሊስት የደረሰን ልጅ አስተኝታ እግሩን ከፍ እንድታደርግ እንጂ አቁማ እንዳታስኬደው ንገሯት፤ ድንገት መነሳት ሊገድለው ይችላል። «መጀመሪያ አንቲሂስታሚን (የተለመደውን የአለርጂ መድኃኒት) ሰጥቼ አያለሁ» የሚለኝ ተመዛኝ ዛሬም አለ። የድንገተኛ ሕይወት አድን ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የብሪታንያው የሪሰሲቴሽን ካውንስል በ2021 መመሪያው አንቲሂስታሚንን ከመጀመሪያው ሕክምና አውጥቶታል። አድሬናሊን ይቅደም!

የደም ውጤትን ማከም

አንድ ልጅ በየጠዋቱ ኦቾሎኒ ቅቤ ይበላል፤ ምንም ሆኖ አያውቅም። ሐኪሙ ለኤግዚማው (ለሚያሳክከው የቆዳ ሕመሙ) ብሎ የአይጂኢ፣ ማለትም በደም ውስጥ የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልግ፣ ምርመራ በጅምላ ያዛል፣ ኦቾሎኒ ፖዘቲቭ ይመጣል፣ ምግቡ ይከለከላል። ፖዘቲቭ ማለት ሰውነቱ ኦቾሎኒን ለይቶታል ማለት እንጂ ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። ክልከላው ራሱ ይጎዳል፤ ሲችለው የነበረውን ምግብ ካቋረጠ በኋላ እውነተኛ አለርጂ ሊይዘው ይችላል። በ2015 የታተመው የለንደኑ ሊፕ ጥናት 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ኦቾሎኒ ቀድሞ መጀመር አለርጂውን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምርመራ ከማዘዛችሁ በፊት ምን በላ፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ምን ሆነ፣ ከዚያ በኋላስ በልቶት ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የቆዳ ምርመራ

አለርጂ ያመጣል የተባለውን ነገር ጠብታ ቆዳ ላይ አድርጎ በመርፌ ጫር በማድረግ ማበጡን የምናይበት ምርመራ ነው። አንቲሂስታሚን ማበጡን ስለሚያፍነው፣ በሽተኛው በቅርብ ቀናት መውሰዱን ሳይጠይቁ መውጋት ውጤቱን ከንቱ ያደርጋል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱን አትጠብቁ፤ ያበጠውን በጣታችሁ ዳስሳችሁ ለኩ።

«አይስማማኝም»ን አለርጂ ብሎ መመዝገብ

ይህ በተለይ ለእኛ ነው። «ወተት አይስማማኝም» የሚሉ እናት ሆዳቸው ይነፋ ይሆናል፣ ጠረኑ ያስጠላቸው ይሆናል፣ ወይም በእርግጥ ሰውነታቸው ይንደበደብ ይሆናል። አስተርጓሚው ሁሉንም አለርጂ ብሎ ያሳልፈዋል። «ሳይነስ አለብኝ» የሚሉትም ብዙ ጊዜ የሚያስነጥስና የሚያሳክክ የአፍንጫ አለርጂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከሁሉ የምፈራው ፔኒሲሊንን ነው፤ አለርጂ አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡት ከ10 ዘጠኙ ያህሉ ሲመረመሩ ይችሉታል። «እማማ፣ የዚያን ቀን ምን ሆኑ?» ብላችሁ አማርኛችሁን ተጠቀሙበት።

የተሳካውን ብቻ ይዞ መምጣት

ለምዘና የምታቀርቡት የበሽተኞች ፋይል ውስጥ ያልገባችሁን፣ ወደ ስፔሻሊስት የላካችሁትን በሽተኛ ጨምሩ። ወሰኑን የሚያውቅ ሐኪም ነው የምፈልገው።

የመዛኝ ስህተት

ይህን እኔ ሠርቼዋለሁ። ምዘና በጀመርኩበት ዓመት አንዱን ጭንቅ ሲለው አይቼ አዘንኩለትና «አድሬናሊን ነው የምትሰጠው አይደል?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አለፈ። ማታ ማስታወሻዬን ሳነብ መልሱ የራሴ ነበር። በማግስቱ ደውዬለት ያንን ክፍል ከሌላ መዛኝ ጋር ደገመው። አሁን ጠይቄ ዝም እላለሁ፤ ምንም ያህል ቢቆይ።