ሞተር አየር ሲያጥረው፦ የመኪና አየር ማስገቢያን በቤት ውስጥ መመርመር፣ ማጽዳትና ማሻሻል

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን የሚወጣ መኪና፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቆላ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ደጋ በአጭር ጊዜ ይደርሳል። በዚህ ዳገት ላይ «ሞተሩ ደከመ» የሚል አቤቱታ የተለመደ ነው። መፍትሄ ተብሎ የሚወሰደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር ማስነፋት፣ ካልሆነም የፊልትሮውን ሳጥን ቀዶ ወይም በስቶ አየር እንደ ልብ እንዲገባ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ፊልትሮውን ሊቀድ ይችላል፤ ሁለተኛው አቧራ ያስገባል። በአየር ማስገቢያ ላይ ከፊልትሮው ንጽሕና እኩል፣ እንዲያውም በላይ፣ ሊታይ የሚገባው ነገር አየሩ በፊልትሮው ውስጥ ብቻ ማለፉ ነው።

አየሩ ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ ካለው አፍ ገብቶ ወደ ፊልትሮው ሳጥን ይሄዳል፤ ከዚያ በአየር መጠን መለኪያው ሴንሰርና በጎማ ቱቦው አልፎ ወደ ትሮትሉ (የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን)፣ ቀጥሎም ወደ ሞተሩ ይደርሳል። የናፍጣ ሞተር ላይ በመሃል ተርቦ (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልክ መሣሪያ) ሊኖር ይችላል። ለቤት ውስጥ ሥራ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክር የማይለቅ ነጭ ጨርቅና ጓንት ይበቃሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞና ቁልፉ ወጥቶ ካልሆነ በስተቀር ኮፈን ከፍተው ምንም ነገር አይፍቱ።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል

መጀመሪያ ከፍታውንና ፊልትሮውን መለየት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚያ ወደ 72 ገደማ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ምክንያት ብቻ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉንና ከዚያም በላይ ያጣል፤ የትኛውም ጽዳት ይህንን አይመልሰውም። ስለዚህ መኪናው ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ጣርማ በር ሲደርስ ብቻ የሚደክም ከሆነ፣ ምክንያቱ ቦታው ነው። መፍትሄውም ቀድሞ ማርሽ መቀነስና ሞተሩን በደህና ዙር ማስኬድ ነው። ቆላው ላይም የሚደክም ከሆነ ግን ምርመራው ከፊልትሮው ይጀመር።

ጥቁር ጭስም እንደዚሁ ይለያል። ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ፖምፓው ግን ያንኑ ያህል ናፍጣ ስለሚሰጥ ትንሽ ጥቁር ጭስ ማሳየቱ አይገርምም። ካርቡራተር ያለው የቤንዚን መኪናም በተመሳሳይ ምክንያት ቤንዚን ይበዛበታልና ማስተካከያ ይፈልጋል። በኮምፒውተር የሚመራ ኢንጀክሽን (ነዳጅ መርጫ) ያላቸው መኪኖች ግን በሴንሰሮቻቸው አማካኝነት ራሳቸውን ከከፍታው ጋር ስለሚያስማሙ፣ እነርሱ ላይ የሚታይ ጥቁር ጭስ በከፍታ ሊመካኝ አይችልም።

ፊልትሮውን አውጥተው ከጀርባው የእጅ ባትሪ ያብሩበት። ብርሃኑ በአብዛኛው እጥፋት ውስጥ የሚታይ ከሆነ ፊልትሮው ገና ያገለግላል፤ ድፍን ብሎ ከቀረ ይቀየር። በመኸር ወራት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ እጥፋቶቹን በጣት ከፈት አድርገው ይዩ፦ የገብስና የስንዴ እብቅ፣ የሞተ ዝንብና ገለባ ከላይኛው በኩል ተሰድሮ ይገኛል። ከፊት ገለባ የጫነ መኪና ለረጅም ኪሎ ሜትር የተከተለ ሰው ይህን ያህል ሲያገኝ አይደነቅ። እብቅ ላዩ ላይ ስለሚቀር ፊልትሮውን ወደ ታች ገልብጦ በቀስታ በማራገፍ ይወጣል። እጥፋቱ ውስጥ የሰረጸው ደቃቅ አቧራ ግን በማራገፍ አይወጣም።

ማስነፋት ግድ ከሆነ አየሩ ከንጹሑ በኩል ወደ ቆሻሻው በኩል እንዲነፍስ፣ ግፊቱ ከ2 ባር እንዳይበልጥና አፍንጫው ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ያህል እንዲርቅ ያድርጉ። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ሳይቀነስ በቀጥታ ከተለቀቀበት ወረቀቱን በዓይን በማይታይ መጠን ይበሳል፤ እንዲህ የተበሳ ፊልትሮ «ተነፍቶ ቀለል አለ» ተብሎ ይመሰገናል፤ ቀለል ያለውም አቧራውን ስለሚያሳልፍ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በውኃም በቤንዚንም አይታጠብም። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር ለአስፋልት የታሰበ በመሆኑ፣ ወደ ገጠር በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና ከዚያ በጣም ቀድሞ ሊታይ ይገባል። በብዙ የጭነት መኪኖች ሳጥን ወይም ቱቦ ላይ ፊልትሮው ሲታፈን ቀይ የሚያሳይ ምልክት አለ፤ እሱ ካለ ከግምት ይልቅ እሱን ይመኑ።

ምልክት፦ ከፊልትሮው በኋላ አቧራ ይገኛል

ይህ ከሁሉም የከፋ ምልክት ሆኖ ሳለ ምንም ድምፅና ምንም መብራት ስለማያሳይ ብዙ ሰው አይፈልገውም። ፊልትሮውን ካወጡ በኋላ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፋሸታውን (ማሰሪያ ቀለበቱን) ፈትተው ይንቀሉት፤ ጣትዎን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው የውስጡን ግድግዳ ያብሱ። ጨርቁ ንጹሕ ወይም በትንሹ ዘይት የነካው ከሆነ መልካም ነው። ቡናማ ዱቄት ይዞ ከወጣ፣ በጣት ሲታሽም እንደ አሸዋ የሚያሻክር ከሆነ፣ ያ አቧራ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ፋሻዎቹን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እና ግድግዳውን እየበላ ነው። ውጤቱ ከወራት በኋላ የሞተር ዘይት መጉደልና ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይመጣል።

ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ ፊልትሮው ለመኪናው ልክ ሳይሆን «የሚገባ» ተብሎ የተሸጠ በመሆኑ ጠርዙ ከሳጥኑ ጋር አለመግጠሙ ነው። ሁለተኛው የሳጥኑ መቆለፊያ አንዱ ተሰብሮ ክዳኑ በአንድ በኩል መነሳቱ ሲሆን፣ ሦስተኛው የጎማ ቱቦው ከእጥፋቱ ላይ መሰንጠቁ ነው። አራተኛው የተበሳ ወረቀት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ የፊልትሮውን የጎማ ጠርዝ በሳጥኑ በኩል በጣም ስስ ግራሶ ይቀቡና ክዳኑን ገጥመው ለጥቂት ቀናት ከነዱ በኋላ ይክፈቱት። ግራሶው ላይ ዙሪያውን እኩል የተጫነ መስመር ከታየ ጠርዙ ይገጥማል፤ መስመሩ ከተቋረጠና በዚያው ቦታ አቧራ ግራሶውን አቋርጦ ካለፈ፣ መግቢያው እዚያ ነው።

የተሰበረ መቆለፊያ በሽቦ ታስሮ የሚኖርበት መኪና ብዙ ነው። ሽቦው ክዳኑን እኩል ይዞ ከሆነ አልቃወምም፤ ግራሶው ይፈርዳል። የተሰነጠቀን ቱቦ በፕላስተር መጠቅለል ግን የሞተር ሙቀት ሙጫውን ስለሚያቀልጠው ከሸዋ ሮቢት ሙቀት አያልፍም፤ ቱቦው መቀየር አለበት። ቱቦውን ሲመረምሩ በእጅዎ ሳብ አድርገው እጥፋቱን ይክፈቱት፤ ስንጥቁ ቱቦው ተሰብስቦ ሳለ ተዘግቶ ስለሚቆይ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል።

ምልክት፦ የሞተር መብራት በራ፣ ቤንዚን በዛ፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዙር) ይዋዥቃል

ከመለኪያው ሴንሰር በኋላ ስንጥቅ ካለ፣ ሳይለካ የሚገባው አየር ሞተሩን አየር የበዛበት ያደርገዋል፤ ኮምፒውተሩም ብዙ ጊዜ ፒ0171 የተባለውን ኮድ ይመዘግባል። ሴንሰሩ ራሱ ሲቆሽሽም ያው ኮድ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቱቦው ሳይታይ ሴንሰር መግዛት የችኮላ ወጪ ነው።

የዚህ ሴንሰር ሥራ በጣም ቀጭን የጋለ ሽቦ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚያልፈው አየር ሽቦውን በሚያቀዘቅዘው መጠን የአየሩ መጠን ይታወቃል። ሽቦው ላይ የአቧራና የዘይት ሽፋን ከተጋገረ ንባቡ ይዛባል። ለማጽዳት የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው፣ ሶኬቱን አላቅቀውና ዊቶቹን ፈትተው ሴንሰሩን ያውጡ፤ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀውን የሴንሰር ማጽጃ ስፕሬይ ይርጩበት። በጣት፣ በጥጥ፣ በብሩሽ ወይም በኮምፕረሰር አየር መንካት ሽቦውን ይበጥሰዋል። የካርቡራተር ማጽጃና ቤንዚንም አይሆኑም። ከተረጨ በኋላ ራሱ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይቆይ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ምልክት፦ ሲቆም ይጠፋል፣ ሚኒሞው ዝቅ ይላል

የትሮትሉ ክዳን ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ሲጋገር፣ ሞተሩ በሚኒሞ የሚተነፍስበት ቀጭን ክፍተት ይጠባል። የትሮትል ማጽጃ ጨርቁ ላይ ረጭተው ጠርዙን ያብሱ። በገመድ የሚሠራ ትሮትልን በእጅ መክፈት ይቻላል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን ቁልፉ በርቶ ሳለ በጣት መግፋት ጊሩን ሊሰብር፣ ጣትንም ሊጎዳ ይችላል። ከጽዳት በኋላ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ቢቆይ ኮምፒውተሩ የቀድሞውን ቆሻሻ ታሳቢ አድርጎ ስለሚሠራ ነው፤ አንዳንዱ ከጥቂት መንዳት በኋላ ራሱ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ በኮምፒውተር ማስተካከያ ይፈልጋል።

ማሻሻያ፦ ክፍት ፊልትሮና የተቀደደ ሳጥን

ሳጥኑን አውጥቶ ሾጣጣ ክፍት ፊልትሮ መግጠም የሚያመጣው ድምፅ ስለሚያስደስት ጉልበት የጨመረ ይመስላል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራም እንኳ የሚነሳው ግፊት ጥቂት ኪሎፓስካል ብቻ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከፍታው የነሳው ወደ 30 ይጠጋል። ከዚያም በላይ ክፍት ፊልትሮ የሚስበው አየር ከኮፈኑ ሥር የጋለውን ነው። አየር በየ3 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ በ30 ዲግሪ የጋለ አየር አሥር በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሳጥኑን መብሳትም ያው የጋለ አየር ማስገባት ነው።

የሚጠቅመው ማሻሻያ የማይታየው ነው። ሳጥኑን ከፊት ፍርግርጉ ጋር የሚያገናኘው የፕላስቲክ ቱቦ በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ወድቆ ወይም በጥገና ጊዜ ተረስቶ የለም፤ እሱን ፈልጎ መመለስ ቀዝቃዛ አየር ይመልሳል። አቧራ ለሚበዛበት የናፍጣ መኪና ደግሞ አቧራውን አሽከርክሮ የሚያስቀር ቅድመ ማጣሪያ መግጠም የፊልትሮውን ዕድሜ ያረዝማል። የሚታጠብ የጥጥ ፊልትሮ ያለው ሰው ካጠበ በኋላ በጥላ አድርቆ ዘይቱን በስሱ ይቀባ፤ የበዛው ዘይት በአየሩ ተወስዶ ከላይ የተባለውን የሴንሰር ሽቦ ይሸፍነዋል።

ምልክት፦ ሳጥኑ ውስጥ ውኃ ወይም ዘይት አለ

በክረምት የረጠበ የወረቀት ፊልትሮ ይታፈናልና ይቀየር፤ በሳጥኑ ሥር ያለችው የውኃ መውጫ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነችም በቀጭን ሽቦ ትከፈት። በቆላው ደራሽ ውኃ ሲሻገር የጠፋ መኪና ግን ዳግም አይነሳ። ውኃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጣል፤ የቤንዚን መኪና ከሆነ ካንዴላዎቹ ወጥተው ውኃው ከወጣ በኋላ ብቻ ይሞከራል።

በቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ወዝ መኖሩ ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣ የተለመደ ነገር ነው። ሳጥኑ ድረስ ደርሶ ፊልትሮውን ያራሰ ዘይት ግን ወይ የመተንፈሻው ቫልቭ መደፈኑን ወይ የፋሻ ማለቅን ያመለክታል። ቫልቩን በቤት ውስጥ አውጥቶ ማየት ይቻላል፤ በአብዛኛው ሲነቀነቅ ካልተንቋቋ ተጣብቋልና ይቀየር። ቫልቩ ደህና ሆኖ ዘይቱ ከቀጠለ፣ ወይም ተርቦ ባለው መኪና ዘይቱ ከተርቦው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ ከተገኘ፣ ቀጣዩ ሥራ በጋራዥ የኮምፕሬሽን መለኪያና የተርቦ ምርመራ ነው።