ውሻ ቤት ውስጥ ስትወልድ ምጡ ቢከብዳት፦ ደረጃ በደረጃ

አብዛኞቹ ውሾች ያለ ማንም እርዳታ ይወልዳሉ። ባለቤቱ ጠዋት ሲነሳ ቡችሎቹን ደርቀውና ጠግበው ከእናታቸው ጡት ሥር ተደርድረው የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለዚያች ሌሊት የሚያስፈልገው ዋናው ዕቃ ሰዓት፣ እስክሪብቶና ወረቀት ነው ብል አይግረማችሁ። ምጡ በከበደ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ሰው ሳይቸግር እጁን ያስገባል፤ ሌላው ደግሞ «ትንሽ እንጠብቅ» እያለ ሌሊቱን ያነጋል። ሁለቱንም የሚመልሳቸው የተጻፈ ሰዓት ነው።

ከመውለዷ በፊት

የውሻ እርግዝና እንቁላሏ ከወጣበት ቀን ሲቆጠር 63 ቀን ያህል ነው። ከወንድ ጋር ከተገናኘችበት ቀን ሲቆጠር ግን ከ57 እስከ 72 ቀን ሊዋዥቅ ይችላል፤ የወንዱ ዘር በማህፀኗ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ስለሚቆይ። ከ55ኛው ቀን በኋላ ራጅ ብታስነሷት የቡችሎቹን ብዛት ታውቃላችሁ። ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። አምስት ወልዳ ጋደም ያለች ውሻ ጨርሳ ይሁን ወይስ ስድስተኛው ተቀርቅሮባት፣ ከውጭ አይቶ መለየት ያስቸግራል። ራጁ አንድ ጽንስ ብቻ ካሳየም አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል፤ ብቸኛ ቡችላ ብዙውን ጊዜ ይገዝፋል፣ ምጡም በወቅቱ ላይነሳ ይችላል።

እንደ ቡልዶግና ፓግ ያሉ ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ዝርያዎች፣ እንደ ቺዋዋ ያሉ በጣም ትንንሾች፣ የወፈሩ፣ በዕድሜ ገፍተው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱ፣ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ የሚያውቅ ውሾች ለከባድ ምጥ የተጋለጡ ናቸው። የእነዚህን ወሊድ ቤት ውስጥ በራስ መሞከርን አልመክርም፤ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ቀን ቆርጦ መነጋገር ይሻላል።

ለሌሎቹ ግን ይህን አዘጋጁ፦ ቴርሞሜትር፣ ብዙ ንጹሕ ፎጣ፣ የሕክምና ጓንት፣ በውሃ የሚታጠብ የሕክምና ማለስለሻ፣ የሕፃናት ንፍጥ መሳቢያ ጎማ፣ ክር፣ በአልኮል የተጠረገ መቀስ፣ አዮዲን፣ ትንሽ ሚዛን፣ ቡችሎቹን የምታሞቁበት ሳጥን። በሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክና መጓጓዣም ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ምጥ ከመጣ በኋላ ሐኪም መፈለግ መጀመር ሰዓት ማባከን ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ሙቀቷን በፊንጢጣዋ በኩል ጠዋትና ማታ ለኩ። መደበኛው ከ38 ዲግሪ በላይ ነው። በአንድ ዲግሪ ያህል ወርዶ 37.5 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲገኝ ምጡ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ሙቀቱ ወርዶ ቀንና ሌሊት ካለፈና ምንም የምጥ ምልክት ከሌለ ሐኪሙን ጥሩ።

ጤናማው ምጥ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ማህፀኗ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ትቆፍራለች፣ ታለከልካለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ አንዳንዴም ታስመልሳለች። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ከሆነ እስከ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ገና አልገፋችምና ምንም የምታደርጉላት ነገር የለም። ጎረቤትና ልጆች ከክፍሉ ይውጡ፤ የተረበሸች ውሻ ምጧን ታቋርጣለች።

ከዚያ ሆዷ እየተኮማተረ መግፋት ትጀምራለች። ሰዓቱን የምትጽፉት እዚህ ላይ ነው። ቡችሎቹ በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ እየተራራቁ ይወጣሉ፤ በመካከል ሳትገፋ እስከ ሁለት ሰዓት ብታርፍ ችግር የለውም። ከ10 ቡችሎች 4 ያህሉ በኋላ እግራቸው ይመጣሉ፤ ይህም ጤናማ ነው። የሚያስቸግረው እግሮቹ ወደ ሆዱ ታጥፈው ቂጥና ጭራ ብቻ ሲመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ቡችላ አንድ እንግዴ ልጅ ይወጣል፤ እየቆጠራችሁ ጻፉ። እናቲቱ መብላቷ ተፈጥሯዊ ቢሆንም ሁሉንም ከበላች ሆዷን ስለሚያውካት የተወሰነውን አንሱባት።

መጠበቅ የሚያበቃባቸው ሰዓቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ስልኩን አንሱ፦

- ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኃይል ያለማቋረጥ ገፍታ ምንም ካልወጣ።
- የቡችላው አካል ወይም የውሃ ከረጢቱ ብቅ ብሎ 10 ደቂቃ ካለፈና ካልተንቀሳቀሰ።
- ደከም ባለ ሁኔታ እየገፋች እየተወች ሁለት ሰዓት ካለፈ፤ ወይም ሌላ ቡችላ እንዳላት እያወቃችሁ ከመጨረሻው በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ካለች።
- አንድም ቡችላ ሳይወለድ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ፈሳሽ ከወጣ። ይህ ቀለም የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ነው፤ መላቀቁን ያመለክታል። ከመጀመሪያው ቡችላ በኋላ ግን የሚጠበቅ ነው።
- ደማቅ ቀይ ደም ከፈሰሰ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ውሻዋ ከወደቀች ወይም ጡንቻዋ መንዘፍዘፍ ከጀመረ።

መግፋቷ ደከም ያለና ብቅ ያለ ነገር ከሌለ፣ ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ በገመድ ይዛችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል አንሸራሽሯት። እንቅስቃሴው ቡችላውን ወደ መውጫው ሊያመጣው ይችላል። ማታ ከሆነ ባትሪና ፎጣ ያዙ፤ መንገድ ላይ ትወልድ ይሆናል። የተወለዱትንም ጡት አስይዟቸው፤ መጥባታቸው ማህፀኗን የሚያኮማትረውን ሆርሞን ከራሷ ያመነጭላታል።

ያንኑ ሆርሞን በመርፌ፣ ማለትም ኦክሲቶሲንን፣ ያለ ሐኪም ምርመራ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም። ቡችላው ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶ ከሆነ መድኃኒቱ ማህፀኑን ከግድግዳ ጋር ያታግለዋል፤ ማህፀኑ ሊቀደድ፣ እንግዴ ልጆቹም ያለጊዜያቸው ሊላቀቁ ይችላሉ። «ለእኔ ውሻ ሠርቷል» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ያልሠራላቸው ሰዎች ዝም ማለታቸውን አትርሱ።

ግማሹ ወጥቶ የቀረ ቡችላ

በእጅ መርዳት የሚፈቀደው ቡችላው በዓይን ሲታይ ብቻ ነው። ውስጥ ገብቶ መፈለግ የሐኪም ሥራ ነው።

አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ሌላው የውሻዋን ራስ ቀስ አድርጎ ይያዝ። በጣም ገራም የሆነች ውሻ እንኳ ምጥ ሲበረታባት አራስ ነብር ልትሆን ትችላለች። አፏን ግን አትሰሩ፤ በማለክለክ ነው የምትቀዘቅዘው። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ታጥባችሁ ጓንት አድርጉ፤ በቡችላው ዙሪያ ማለስለሻውን በደንብ ቀቡ። ሳሙና አትጠቀሙ፤ የውስጡን ስስ ቆዳ ያቃጥላል።

ቡችላው ስለሚያንሸራትት በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ያዙት። በጭንቅላቱ ከመጣ ከጭንቅላቱ ኋላ አንገቱንና ትከሻውን፣ በእግሩ ከመጣ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ፣ ከተቻለም ዳሌውን። አንድ እግር፣ ጭራ ወይም ጭንቅላት ብቻ ይዞ መጎተት አጥንት ይነቅላል።

አሁን ጠብቁ። እሷ ስትገፋ ብቻ ሳቡ፤ አቅጣጫውም ቀጥታ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ታች፣ በኋላ እግሮቿ መካከል ወደ ሆዷ የሚታጠፍ ነው። መውጫ መንገዱ የተሠራው እንዲያ ነው። መግፋቷን ስታቆም እናንተም መሳብ አቁሙ፤ ግን ያገኛችሁትን እንዳይመለስ ያዙት። ትከሻው ወይም ዳሌው ከያዘ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ አዙሩት። በእግሩ የመጣ ቡችላ ወገቡ ከወጣ በኋላ መዘግየት የለበትም፤ እትብቱ ዳሌ አጥንቷ ላይ ስለሚጫን ጭንቅላቱ ገና ውስጥ እያለ ትንፋሽ ያጥረዋል። አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ሞክራችሁ ለውጥ ከሌለ ወደ ክሊኒክ ጉዞ ጀምሩ።

የማይተነፍስ ቡችላ

እናቲቱ የፅንስ ከረጢቱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልቀደደች እናንተ ከአፍንጫው በኩል ቅደዱት። ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በመሳቢያው መጀመሪያ አፉን፣ ቀጥሎ አፍንጫውን አጽዱ። ከዚያ በሞቀ ፎጣ ጀርባውንና ደረቱን እሹት፤ ብዙዎቹ የሚያለቅሱት በዚህ ነው። ቡችላን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ታች ማወዛወዝ የቆየ ልማድ ነው፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ተዉት።

አሁንም ካልተነፈሰ በክርኖቹ ኋላ ደረቱን በጣቶቻችሁ መካከል ይዛችሁ የልቡን ምት ፈልጉ። ልቡ ከመታ አፉንና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ ደረቱ ትንሽ ከፍ እስኪል ብቻ እፍ በሉ። ሳንባው የአውራ ጣት ጫፍ ስለማያህል ከጉንጭ ያለው አየር ይበቃዋል። ልቡ ምት እስካለው ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ሳትታክቱ ቀጥሉ። እትብቱ ከደማ ከሆዱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ በክር እሰሩና ከክሩ ወዲያ ቁረጡ፤ ጫፉን በአዮዲን ንከሩት። እትብቱን ከሆዱ እያራቁ መጎተት እብጠት ያመጣል።

ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ሳጥኑ በመጀመሪያው ሳምንት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን። የቀዘቀዘውን ወተት ከመስጠት በፊት አሙቁት፤ ሆዱ ሲቀዘቅዝ አይፈጭም።

ክሊኒክ መሄድ ካለባችሁ

የተወለዱትን በጨርቅ ከተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ጋር በሳጥን አድርጋችሁ ከእናቲቱ ለይታችሁ ውሰዱ፤ ስትገፋ ልትተኛባቸው ትችላለች። ሰዓቱን የጻፋችሁበትን ወረቀት አትርሱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በአልትራሳውንድ የጽንሶቹ የልብ ምት በደቂቃ ከ180 በታች ወርዶ ከተገኘ መታፈናቸውን ስለሚያሳይ ቀዶ ሕክምና ሊወሰን ይችላል። ብዙ ባለቤቶች ቀዶ ሕክምናን የመጨረሻ መጨረሻ አድርገው ያቆዩታል፤ የዘገየውን ያህል ግን የሚተርፉት ቡችሎች እያነሱ ይሄዳሉ።

ከወለደች በኋላ ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ለሳምንታት ጥቂት ጥቂት መውጣቱ አያሳስብም። ትኩሳት፣ ሽታ፣ ቡችሎቿን መተው ሲታይ ግን ማህፀኗ መመረዙን ጠርጥሩ። ወተት በብዛት በምትሰጥባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ፣ በተለይ ትንንሽ ውሾች ላይ፣ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም በድንገት ሊወርድ ይችላል፦ መረበሽ፣ ግትር ብሎ መራመድ፣ ከዚያም መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው፤ ቡችሎቹን ከጡቷ አንሱና ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዷት። በእርግዝናዋ ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካልሲየም መስጠት አደጋውን ያብሰዋል እንጂ አይከላከለውም፤ ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን ይተዋልና።