ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ወይስ ግቢ ያለው ቤት? በአዲስ አበባ ቤት ለሚመርጡ ወላጆች

በአዲስ አበባ ልጆች ይዞ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት መኝታ ክፍል እንደሚፈልግና በወር ስንት ብር መክፈል እንደሚችል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም፣ ለወላጅ ከእነዚህ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ከሚመለስበት ከቀኑ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት አንሥቶ ወላጆቹ ከሥራ እስኪገቡ ድረስ የት ይቆያል፣ ማንስ በዓይኑ ይከታተለዋል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ መልስ ከሌለው ሰፊ ግቢ ይሻላል፤ መልሱ ያለው ግቢው ውስጥ ከሆነም ግቢው ይመረጣል። የቤቱ ስፋት፣ የወለሉ ሴራሚክና የኩሽናው ካቢኔት የሚመዘኑት ከዚህ በኋላ ነው።

የሚነጻጸሩት ሁለት ቤቶች ብቻ አይደሉም

የመንግሥት የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ሳይቶቹ በቦታም በአሠራርም በጣም ተለያይተዋል። ጎተራ ወይም ልደታ የሚኖር ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ሳይወጣ ይውላል፤ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ግን መሀል ከተማ የሚሠራ ከሆነ የቀኑን ጥቂት የማይባል ክፍል በመንገድ ላይ ያሳልፋል። አብዛኞቹ የ20/80 ሕንፃዎች (ገዢው 20 ከመቶውን ራሱ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚሸፍንባቸው) ሊፍት የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሲሆኑ፣ የ40/60ዎቹ (ገዢው 40 ከመቶውን የሚከፍልባቸው) ከዚያ ከፍ ያሉና ሊፍት የተገጠመላቸው ናቸው። ሊፍት ያለው ሕንፃ ለሕፃን ጋሪና ለአያቶች ጉልበት ይመቻል፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ጄኔሬተር ከሌለው ግን ስምንተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብ አራተኛ ፎቅ ከሚኖረው ሁለት እጥፍ ደረጃ መውጣቱ ነው።

በግቢ ቤት በኩል ያለው ልዩነት ከዚህም የሰፋ ነው። ግቢውን ለብቻ መያዝና ከአከራይ ጋር በአንድ ግቢ መኖር፣ ለወላጅ ሁለት የማይገናኙ ኑሮዎች ናቸው። ሰርቪስ ቤት ወይም ከዋናው ቤት ጎን ያለ ክፍል የሚከራይ ቤተሰብ ቦታውን ሲያይ ሣሩን፣ የጽድ አጥሩንና የአበባ መደቡን ያያል፤ ከገባ በኋላ ግን ሣሩ እንደማይረገጥ፣ ኳስ ከአጥሩ ጋር እንደማይመታ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በር እንደማይከፈት ይነገረዋል። አከራይዋ ደግ ሴት ቢሆኑም «ልጆቹ ጽጌረዳዬን እንዳይነኩብኝ አደራ፣ ልጄ» ማለታቸው አይቀርም፤ ይህንንም የሚሉት የራሳቸው ቤት ስለሆነ በክፋት አይደለም። ልጅ ሊጫወትበት የማይፈቀድለት ግቢ ግን ለእሱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት ልጆችን ይዞ ሄዶ፣ ሻይ እየተጠጣ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲሯሯጡ መተውና የአከራዮቹን ፊት ማየት ከማንኛውም የውል አንቀጽ የበለጠ ያስረዳል።

የልጆቹ ዕድሜ

ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከሰፊ ግቢ የሚያገኘው ጥቅም ወላጆች እንደሚያስቡት ትልቅ አይደለም፤ ከእናቱ ወይም ከሞግዚቱ እግር ብዙ አይርቅም። በዚህ ዕድሜ ከባዱ ነገር ደረጃው ነው። ልጅ በጀርባ አዝሎ፣ አስቤዛ በአንድ እጅ ይዞ፣ ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ ጀሪካን ጨምሮ አራተኛ ፎቅ መውጣት በየቀኑ ሲሆን የእናትን ወገብ ይጎዳል። በተለይ ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ የሚያስብ ቤተሰብ ምድር ቤት፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ካላገኘ ትንሽም ብትሆን መሬት ላይ ያለች ቤት ብትሻለው አይደንቅም።

ከአራት እስከ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ይህ ልጅ የሚፈልገው ሌላ ልጅ ነው። በአንድ ብሎክ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም የእኩያ ችግር የለም፤ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳ ጥሎ መውረድ ብቻ ነው። በአንጻሩ በከፍተኛ አጥርና በብረት በር በተዘጋ ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚያድግ ልጅ፣ የጎረቤት ልጆች ስም ሳያውቅ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር ሊውል ይችላል። ጎረቤት የሚተዋወቅበት፣ በሩ ክፍት የሚሆንበት የድሮ ሰፈር ከሆነ ይህ ስጋት አይነሳም፤ በከተማው ዳር በአዲስ በተሠሩ የቪላ መንደሮች ግን ደጋግሞ የሚታይ ነው።

ለአቅመ አዳም ለደረሱ ልጆች ዋናው ጉዳይ የራስ ክፍልና ትራንስፖርት ነው። ወንድና ሴት ልጆች ያሉት ቤተሰብ አንድ ክፍል ለሁለት ማካፈል የማይችልበት ጊዜ ፈጥኖ ስለሚደርስ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ማን የት እንደሚተኛ ዛሬ ማሰብ ይኖርበታል። ግቢ ቤት ላይ አንድ ክፍል መጨመር ፈቃድና ገንዘብ ካለ ይቻላል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ አይቻልም።

ኮንዶሚኒየም ሲታይ

ቤቱን ቅዳሜ ጠዋት በደላላ ቀጠሮ ብቻ አይተው አይወስኑ። በትምህርት ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ለብቻዎ ይሂዱና በብሎኮቹ መካከል ይቁሙ። ልጆች ይጫወታሉ? የሚጫወቱበት ቦታ መኪና የሚያልፍበት ነው ወይስ የተለየ? የሚቆጣ ሽማግሌ፣ በመስኮት ብቅ ብላ የምትጣራ እናት፣ ልጆቹን በስም የሚያውቅ የጥበቃ ሠራተኛ አለ? ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ ተብሎ የተሠራው የጋራ መጠቀሚያ ቤት አሁን ለምን እንደሚያገለግልም ይጠይቁ፤ ለታለመለት ሥራ ከዋለ በቤት ውስጥ የሚኖረው ጭስና መጨናነቅ ይቀንሳል። ስለ ሰፈሩ እውነቱን የሚናገሩት ደረጃ ላይ የተቀመጡ እናቶችና ሞግዚቶች ናቸው፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ምድር ላይ ያለው ግሮሰሪ እስከ ስንት ሰዓት ሙዚቃ እንደሚያሰማ፣ ልጆች ለመላክ የሚያስፈራ ጥግ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።

ከዚያም ደረጃውንና በረንዳውን ሜትር ይዘው ይለኩ። በመደገፊያው ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ትንሽ ልጅ ሊያልፍበት ወይም ጭንቅላቱ ሊቀረቀርበት ይችላል። ብረቶቹ አግድም የተበየዱ ከሆኑ ደግሞ ክፍተቱ ጠባብ ቢሆንም ለልጅ መሰላል ሆነው ያገለግላሉ፤ በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ ላሜራ ከውስጥ በኩል መሸፈን ወይም የቆመ ብረት ማስበየድ ያስፈልጋል። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ በርሜል፣ ሮቶ ወይም ዱካም መወጣጫ ስለሚሆን ከመደገፊያው ይራቅ። ወደ ጣሪያ የሚያወጣው በር መቆለፉንና ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ማወቅም የግድ ነው።

ፎቅን በተመለከተ ምርጫዬ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ነው። ምድር ቤት ለልጅ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን የሕንፃው ፍሳሽ መስመር ሲደፈን መጀመሪያ የሚገነፍለው እዚያ ነው። ከፍ ካለው ፎቅ ደግሞ ውሃው ግፊት ሲያንሰው አይደርስም፤ የመጨረሻው ፎቅ ከጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ችግሩ ይደራረባል። ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ሆኖ ልጅን በስሙ መጥራትና መልሱን መስማት ይቻላል፤ ከስድስተኛ ፎቅ ግን አይቻልም።

የሚገዛ ሰው የነዋሪዎቹን ማኅበር አስቀድሞ ይጠይቅ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን የቤት ባለቤቶች በጋራ የሚያስተዳድሩት ሀብት ያደርጋቸዋል። ማኅበሩ የሚሠራ ከሆነ የመጫወቻ ቦታው በአጥር ተከልሎ፣ የጥበቃ ደመወዝ ተከፍሎ፣ የደረጃው አምፖል ተቀይሮ ይገኛል፤ የማይሠራ ከሆነ የልጆቹ ሜዳ የመኪና ማቆሚያ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ግቢ ቤት ሲታይ

ግቢ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ልጅ ያለ ቀጠሮ ከቤት ውጭ መሆን መቻሉ ነው። እናት ወጥ እየሠራች በኩሽና መስኮት ልጇን ታያለች፤ ዶሮ ማርባት፣ ጎመን መትከል፣ ክርስትና ሲሆን ድንኳን መጣል፣ ከገጠር የመጡ አያቶች ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ ማግኘት ይቻላል። በኮንዶሚኒየም ድንኳን መጣል ባይከለከልም የብዙ ሰው ፈቃድና ይሉኝታ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ግቢ የራሱ አደጋዎች አሉት፤ ከበረንዳ ያነሱም አይደሉም። የመጀመሪያው መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ገንዳ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ ወይም የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ከመግባቱ በፊት በከባድና በሚቆለፍ ክዳን እንዲለወጥ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛው መኪና ነው፤ በጠባብ ግቢ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ከመኪናው ጀርባ ያለ ሕፃን አያይም። ሦስተኛው በውጭ ኩሽና ወለል ላይ የሚቀመጥ የከሰል ምድጃና የፈላ ውሃ ነው። ውሻ ካለም ከልጆቹ ጋር የሚተዋወቅበት ጊዜ ያስፈልጋል እንጂ «አይናከስም» የሚለው የባለቤቱ ቃል አይበቃም።

መግዛት የሚፈልግ ሰው በሰነድ በኩል ያለውን ነገር በጥንቃቄ ይይ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሌለው ቤት ወይም በተለምዶ ጨረቃ ቤት የሚባለው በዋጋ ቢረክስም፣ ልጆችን ከትምህርት ቤታቸውና ከጓደኞቻቸው በአንድ ጊዜ ሊነቅል የሚችል አደጋ አለው። ካርታ ያለው ቢሆንም ቦታው ነባር ይዞታ ይሁን ሊዝ፣ ዕዳና እገዳ ይኑርበት አይኑርበት፣ በመልሶ ማልማት ወይም በመንገድ ዕቅድ ውስጥ ይግባ አይግባ ከክፍለ ከተማው አጣርቶ ነው ገንዘብ የሚከፈለው። ይህን ማጣራት ለደላላ አይተውም።

ሐምሌና ነሐሴ

ቤት የሚያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ከባዱ ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት መሆኑን ነው። ልጆች ሙሉ ቀን ቤት የሚውሉት ውጭ መውጣት በማይቻልበት በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ቤት፣ ፀሐይ ወጥቶ ሲያዩትም፣ በሐምሌ ምን እንደሚመስል አድርገው ያስቡ። በኮንዶሚኒየም ልጆቹ ኮሪደሩንና ደረጃውን ይይዛሉ፤ ጎረቤት ይታገሣል ወይ? በግቢ ቤት ሣር ያልለበሰው መሬት ጭቃ ይሆናል፤ ክዳን ያለው ሰፊ በረንዳ ከሌለ ግቢው ለሁለት ወር ያህል ከጥቅም ውጭ ነው። እኔ በበኩሌ ሃያ ካሬ ከሚጨምር ሳሎን ይልቅ ዝናብ የማያስገባ አራት ሜትር በረንዳ ያለውን ቤት እመርጣለሁ።

ወጪና ውል

በኪራይ ደረጃ ዋጋው ተቀራራቢ ቢመስልም የግቢ ቤት ወጪ በኪራዩ አያበቃም። ዘበኛ፣ የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴ፣ የአጥርና የጣሪያ ጥገና ለብቻ የያዘው ቤተሰብ ሸክም ናቸው። በኮንዶሚኒየም እነዚህ በወርኃዊ መዋጮ ይከፋፈላሉ። ለልጅ ደኅንነት የሚውለው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ክፍያም የኪራዩ አካል ተደርጎ ይታሰብ፤ ዳር ያለ ርካሽ ቤት የሁለት ልጅ ሰርቪስ ሲጨመርበት በወጪ መሀል ካለው ውድ ቤት ሊበልጥ ይችላል።

ለተከራይ ወላጅ ጠቃሚ የሆነው አዋጅ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበትና ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። ልጅ ለሚያስተምር ሰው የሁለት ዓመት ዋስትና ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ «በቃል እንስማማ፣ ምን አስቸኮለን» ከሚል አከራይ ጋር ሳይሟገቱ ነገር ግን ሳይተዉ፣ ውሉ ተጽፎ በሚመለከተው የመንግሥት አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል።

ከመፈረም በፊት

ሁለት ቤቶች ቀርተው መወሰን ሲያቅት፣ በሥራ ቀን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ተነሥተው በሚጠቀሙበት ትራንስፖርት፣ ታክሲም ይሁን ሃይገር፣ እስከ ልጁ ትምህርት ቤት ከዚያም እስከ ሥራ ቦታዎ ይሂዱ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስበት ቤት ምንም ያህል ቢያምር ይቅርብን እላለሁ። የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን የሚመዘግቡት ክረምቱ ሳያልቅ፣ ብዙዎቹም ከዚያ ቀደም ብለው በመሆኑ፣ ትምህርት ቤት መቀየር የሚያስፈልግ ከሆነ ፍለጋው ከሚያዝያ ወይም ከግንቦት ቢጀመር ይመረጣል፤ ዕቃው የሚጫነው ግን ልጆቹ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ከጨረሱ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ ነው።