ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ የሕዋስ ኃይል ችግር ሲጠረጠር ምን ይደረጋል?

ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት የሕዋስ ክፍሎች፣ ማለትም ሚቶኮንድሪያ፣ ኦቲዝም ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ላይ በሚገባ አይሠሩም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ የእነዚህን ልጆች ድርሻ ወደ 5 በመቶ ገምቶታል። ስለዚህ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ ይመርመር ማለት አይደለም።

ልጅዎ ጡንቻው የላላ፣ ቶሎ የሚደክም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ከሆነ፣ በተለይም ከትኩሳት በኋላ ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት ወይም መራመዱን ካጣ፣ ሁኔታውን ከነቀኑ ጽፈው ለሕፃናት ነርቭ ሐኪም ያቅርቡ፤ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለም ይያዙ።

የመጀመሪያው ምርመራ ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን የላክቴት (ሚቶኮንድሪያ በሚገባ ሳይሠሩ ሲቀሩ ሊከማች የሚችል ንጥረ ነገር) መጠን መለካት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ልጁ እያለቀሰና እየታገለ፣ ክንዱም በላስቲክ ለረጅም ጊዜ ታስሮ የተቀዳ ደም ላክቴቱን ያለ በሽታ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላልና፣ አስቀድመው ያረጋጉት፤ ውጤቱ ከፍ ካለም ምርመራው እንዲደገም ይጠይቁ። መደበኛ ውጤትም ቢሆን ጥርጣሬውን ሙሉ በሙሉ ስለማያስቀር የዘረመል ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

እስከዚያው ልጁ ሲታመም ያለ ምግብና ፈሳሽ ረጅም ሰዓት እንዳይቆይ ያድርጉ። ቫልፕሮዬት የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በአንዳንድ የሚቶኮንድሪያ ሕመሞች ጉበትን ክፉኛ ስለሚጎዳ ጥርጣሬዎን ሳይዘገዩ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡት።