አዳማ ላይ ቦይ ከመቆፈር በፊት የተቀበረ መስመር አፈላለግ

ፕላን «በዚህ በኩል መስመር አለ» ይላል እንጂ ትክክለኛ ቦታውን አያሳይም። መስመሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ኤክስካቫተር አታስነሱ።

መጀመሪያ የቦታውን ስኬች ይዛችሁ የከተማው ውሃና ፍሳሽ፣ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና ኢትዮ ቴሌኮም ጋ ሂዱ፤ ሳይት ድረስ መጥቶ የሚያሳይ ባለሙያም ጠይቁ። ከቆጣሪ ወደ ግቢ የሚገባውን መስመር ግን ከባለቤቱና ከቧንቧ ሠራተኛው በቀር የሚያውቀው የለም ብላችሁ ተነሱ።

ከዚያ በእግር ዙሩ። ኮብልስቶኑ በቀጥታ መስመር የሰመጠበት ወይም ተነስቶ እንደገና የተነጠፈበት ቦታ፣ ከሥሩ ቦይ ተቆፍሮ እንደነበር ይናገራል። የቫልቭ ሳጥን፣ የማንሆል ክዳን፣ ከምሰሶ ወደ መሬት የሚወርድ ኬብል ፈልጉ። ማንሆል ከፍታችሁ የቧንቧውን አቅጣጫ ከላይ ሆናችሁ እዩ፤ ውስጡ የታመቀ ጋዝ ሊኖር ስለሚችል አትግቡ።

ሎኬተር (ከተቀበረ መስመር የሚወጣን ሲግናል በሪሲቨር የሚሰማ መሣሪያ) ካላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ከሚሸከም ኬብል የሚወጣውን 50 ሄርዝ በሚሰማው ፓወር ሞድ ጀምሩና ሳይቱን በቁመትም በወርድም ሂዱበት። ሪሲቨሩን ወደ መሬት አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ እንደ ማጭድ አታወዛውዙት። ጭነት የሌለው ኬብል ዝም ይላል። በኬብሉ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ሽቦዎች) የተመጣጠነ ጭነት ሲሸከሙም ሲግናላቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ መሣሪያው ዝም አለ ማለት ኬብል የለም ማለት አይደለም።

ትራንስሚተር (መስመሩ ላይ ሪሲቨሩ የሚሰማውን ሲግናል የሚልክ መሣሪያ) ሲጨመር ሥራው ጥርት ይላል። 33 ኪሎሄርዝ ላይ አድርጉት። ለብረት ቧንቧ አንዱን ሽቦ ቆጣሪው ጋ በተጋለጠው ብረት ላይ፣ ሌላውን ከመስመሩ ጎን ርቆ በተተከለ የመሬት ዘንግ ላይ ሰኩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የአዳማ አፈር በበጋ እንደ አመድ ስለሚደርቅ ዘንጉ ከመሬቱ ጋር በደንብ አይገናኝም፣ ሲግናሉም ይሞታል። ዘንጉ ዙሪያ አንድ ጄሪካን ውሃ አፍስሱ። ኤሌክትሪክ ባለበት ኬብል ላይ ሽቦ መሰካት ክልክል ነው፤ ክላምፕ (ኬብሉን ከውጭ አቅፎ ሲግናል የሚሰጥ ቀለበት) ተጠቀሙ፣ እሱንም ባለሙያ ይሠራው። መሰካት በማይቻልበት ትራንስሚተሩን መሬት ላይ አስቀምጡ፤ ግን መስመሩን ከእሱ ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ብትፈልጉ የምትሰሙት መስመሩን ሳይሆን ራሱን ትራንስሚተሩን ነው።

በፒክ (ሲግናሉ ልክ ከመስመሩ በላይ የሚጎላበት ሞድ) ያገኛችሁትን በናል (ልክ ከመስመሩ በላይ የሚጠፋበት ሞድ) አረጋግጡ። ሁለቱ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ከተለያዩ ጎን ሌላ መስመር ሊኖር ይችላል፤ መሣሪያው የሚያሳየውንም ጥልቀት አትመኑ። ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ አንዱን ቦታ አፈር እያለበሰ ሌላውን ስለሚልጥ፣ «ሲቀበር ይህን ያህል ነበር» የሚለውም አይሠራም።

የፕላስቲክ ቧንቧዎችን (ፒቪሲ፣ ኤችዲፒኢ) እና ብረት አልባ የቴሌ ፋይበርን ሎኬተር በራሱ አያገኛቸውም። ጂፒአር (መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር) በደረቅ አፈር ጥሩ ያያል፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ግን ይታወራል። እሱ ከሌለ አስተማማኙ መንገድ መሞከሪያ ጉድጓድ ነው።

ውሃን በሰማያዊ፣ ኤሌክትሪክን በቀይ፣ ቴሌን በብርቱካናማ፣ ፍሳሽን በአረንጓዴ ቀለም ምልክት አድርጉ። ኖራ ብቻ ከሆነ የአዳማ ነፋስ እስከ ማታ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ችካልና ሲባጎ ጨምሩ።

መሞከሪያ ጉድጓዱን መስመሩን አቋርጦ በእጅ ቆፍሩ። ከምልክቱ ግራና ቀኝ 50 ሴንቲሜትር ውስጥ ዶማና ድጅኖ አይገባም፤ አካፋ ብቻ፣ ከጎን በኩል በስሱ እየላጡ። የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ወይም ከአካባቢው አፈር የተለየ አሸዋ ብቅ ካለ ኬብሉ ቅርብ ነው። አመዳማው አፈር ሳያስጠነቅቅ ስለሚናድ ጥልቅ ጉድጓድ ያለ ድጋፍ አትግቡ።

ማሽን ኬብል ከነካ ኦፕሬተሩ ካቢኑ ውስጥ ይቆይ፣ ሌላው ሰው ይራቅ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ይደወል። የሰፈሩ መብራት ጠፋ ብላችሁ አትጠጉ፤ ብሬከሩ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ሊለቅ ይችላል። እሳት ከተነሳ ብቻ ኦፕሬተሩ ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፣ ከዚያም እግሩን ከመሬት ሳያነሳ እየጎተተ ይራቅ።