ፕሮሰሰርን ኦቨርክሎክ ሲያደርጉ በቮልቴጅ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድን ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ስናሠራው፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ስናደርገው፣ በዋናነት የምንነካው ሁለት ነገር ነው፤ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን። ፍጥነቱን ከልክ በላይ ያሳለፈ ሰው ስህተቱን ወዲያው ያያል፤ ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቀራል ወይም ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ ባለቤቱም ወደ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ቅንብሮች ወደሚገኙበት ፕሮግራም) ተመልሶ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ቮልቴጁን ከልክ በላይ ያሳለፈ ሰው ግን ለወራት ምንም ላያይ ይችላል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ከከፍተኛ ሙቀት ጋር ሲደመር በቺፑ ውስጥ ያሉትን ትራንዚስተሮችና እጅግ ቀጫጭን የብረት መስመሮች ቀስ በቀስ ያስረጃቸዋል፤ ያረጀውም ባዮስን ወደነበረበት በመመለስ አይታደስም።

በጣም የተለመደው ስህተት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ፍጥነቱን ገና ሳይነኩ ቮልቴጁን ወደ 1.40 ቮልት ይወስዱትና ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን መጨመር ይጀምራሉ። ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፤ ፍጥነቱ በ100 ሜጋኸርዝ ይጨመራል፣ ይፈተናል፣ ፕሮሰሰሩ አልችል ሲል ብቻ ቮልቴጁ በ0.01 ገደማ ከፍ ይደረጋል። ይህን ያህል መቆጠብ ለምን እንደሚያስፈልግ በስሌት ማየት ይቻላል። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። በ4.5 ጊጋኸርዝና በ1.25 ቮልት ይሠራ የነበረን ፕሮሰሰር ወደ 4.8 ጊጋኸርዝና ወደ 1.40 ቮልት ብናሳድገው ያተረፍነው ፍጥነት 7 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የሚበላው ኃይል ግን በ34 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ያም ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ነውና፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ መሳሳት ራሱ የማቀዝቀዣውን አቅም እንደሚቀንስ መርሳት አይገባም።

የሌላ ሰውን ቁጥር እንዳለ መቅዳትም ከዚሁ አይርቅም። አንድ ስምና አንድ የሞዴል ቁጥር ያላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች ለተመሳሳይ ፍጥነት የተለያየ ቮልቴጅ ይጠይቃሉ፤ ለአንዱ 1.22 የበቃው ለሌላው 1.30 ላይበቃው ይችላል። የሰው ቁጥር አቅጣጫ ለማየት ይረዳ እንደሆነ እንጂ መነሻ ሆኖ ሊጻፍ አይገባም።

«አውቶ» የሚለውን ምርጫ ያለ ጥያቄ ማመን ሌላው ስህተት ነው። ፍጥነቱ ከፍ ተደርጎ ቮልቴጁ በአውቶ ከተተወ፣ ብዙ ማዘርቦርዶች ኮምፒውተሩ እንዳይቆም ሲሉ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣሉ። ለጉዳት የሚዳርገውም የኮሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል፣ ቮልቴጅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች፣ በተለይም ኤክስ3ዲ የሚባሉት፣ ከነሶኬታቸው ተቃጥለው በተገኙ ጊዜ፣ ትኩረት የሳበው ኤክስፖ የሚባለው ሜሞሪን የሚያፈጥን ዝግጁ ቅንብር ሲበራ ማዘርቦርዱ በራሱ ከፍ ያደርገው የነበረው የሶክ ቮልቴጅ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ላለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ የሚሰጠው) ነበር፤ ኤኤምዲም ይህ ቮልቴጅ ከ1.3 እንዳያልፍ የሚገድብ የባዮስ ማሻሻያ እንዲወጣ አደረገ። ሜሞሪውን ብቻ ያፈጠነ የመሰለው ሰው የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ሳያውቅ ነክቶ ነበር ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ኢንቴል በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ለታየው ብልሽት ፕሮሰሰሩ የሚጠይቀውን ቮልቴጅ በ1.55 የሚገድብ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) አወጣ፤ ማሻሻያው ገና ያልተነካውን ቺፕ ለመጠበቅ እንጂ የተጎዳውን ለመመለስ አይችልም። ስለዚህ ባዮስን ሳያድሱ ኦቨርክሎክ መጀመርን እኔ ከስህተቶቹ ሁሉ ይቅርታ የሌለው አድርጌ አየዋለሁ፤ ለመከላከል የሚወስደው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላምና።

አሁን ብዙ ሰው በደንብ ሳይረዳው ወደሚነካው ቅንብር፣ ሥራ ሲበዛ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ ወደሚወስነው ሎድ ላይን ካሊብሬሽን እንምጣ። በባዮስ 1.300 ጽፈን ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን የፈተና ፕሮግራም፣ ፕራይም95ን፣ ስናስነሣ በስክሪኑ ላይ 1.240 እናያለን እንበል። ሥራ ሲበዛ ቮልቴጁ በዚህ መልኩ ዝቅ እንዲል የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ብዙዎች ግን ጉድለት ይመስላቸውና ቅንብሩን ወደ መጨረሻው ደረጃ ይወስዱታል፣ 1.300 ቀጥ ብሎ ሲቆምም ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። አደጋው ያለው ፈተናው በሚቆምበት ቅጽበት ላይ ነው። ይፈስ የነበረው ከፍተኛ ከረንት በድንገት ሲቀንስ ቮልቴጁ ከተጻፈው ቁጥር በላይ ይዘልላል፤ ዝላዩ እጅግ አጭር ስለሆነ በየሁለት ሰከንዱ የሚያነበው ሶፍትዌር አያየውም፣ ለማየት ኦሲሎስኮፕ የሚባለው ፈጣን የቮልቴጅ ለውጥን የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል። መካከለኛውን ደረጃ መርጦ መጠነኛ መውረድን መቀበል ይሻላል። የደረጃዎቹ አቆጣጠር ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ እንደሚለያይም ልብ ይሏል፤ በአንዱ 1 ቁጥር ጠንካራው ሲሆን በሌላው ደካማው ነው።

የራይዘን ተጠቃሚዎች ደግሞ በተለይ የሚወድቁበት ስህተት አለ። ኮምፒውተሩ ቀላል ሥራ ላይ ሳለ 1.45 ቮልት ያነብቡና «ፋብሪካው ራሱ ይህን ከፈቀደ» ብለው ይህንኑ ቁጥር ለሁሉም ኮሮች ቋሚ ያደርጉታል። ፕሮሰሰሩ ያን ቮልቴጅ የሚጠቀመው አንድ ወይም ሁለት ኮር ለአፍታ ሲፈጥን፣ የሚፈሰውም ከረንት ትንሽ በሆነበት ጊዜ ነው፤ ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ቁጥሩን ቋሚ ያደረገ ሰው ይህን ጥበቃ በገዛ እጁ አነሣው።

የሚነበበውን ቁጥር ምንነት ሳያጣሩ መመካትም አይገባም። ቪአይዲ ፕሮሰሰሩ የጠየቀው ቮልቴጅ ነው፤ ቪኮር የደረሰው ነው፤ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

በመጨረሻ የማነሣው ስህተት ለእያንዳንዱ መቆም ቮልቴጅ በመጨመር መመለስን ነው። የማውቀው ሰው ኮምፒውተሩ ለአንድ ዓመት ያህል በ1.32 ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ ቪዲዮ በሚያቀናብርበት ጊዜ መቆም ጀመረ፤ እሱም 1.34 አደረገው፣ ከሁለት ወር በኋላ 1.37፣ ከዚያም 1.40። እኔ ዘንድ ሲያመጣው ቅንብሩን ሁሉ ወደ ፋብሪካው መለስንለት፤ ዊንዶውስ ተነሣ፣ ፈተናውን ግን አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይዘልቅ ቆመ። ትናንት በበቃው ቮልቴጅ ዛሬ አልሠራም የሚል ፕሮሰሰር ማርጀቱን እየተናገረ ነውና በዚያን ጊዜ መውረድ ያለበት ፍጥነቱ ነው። ይህን ለማወቅ ግን የትናንቱ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ ፍጥነቱን፣ ቮልቴጁን፣ የሎድ ላይኑን ደረጃና በፈተና ጊዜ የታየውን ከፍተኛ ሙቀት ከነቀኑ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ባዮስ ሲታደስ በውስጡ የተቀመጡት ፕሮፋይሎች ሊጠፉ ይችላሉና።